ነጭ መብራት ክልክል ነው

ከመንገዱ መጨረሻ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
አየሩ ከመሳሳቱ ሰው ሲያወራ ከሚያርፍበት፣
ላዳክ፣ ከተራራው ሥር፣ ቤቴ አለች ባለ ሁለት ክፍል፣
መስኮቷን ጥቁር ጨርቅ ጋርዶት፣ ብርሃን ለሌሊት የማታካፍል።
በሬ ላይ የጻፍኩት አለ፣ በቀይ ቀለም፣ በደማቁ፦
«ነጭ መብራት ክልክል ነው። ስልካችሁን ደብቁ።»

ያንግዞም እባላለሁ። የማውቀው ፍየል ነበረ፤
ጠጉር ማበጠር፣ ግልገል መቁጠር፣ የትኛው እንደቀረ።
ኋላ ቴሌስኮፕ ሰጡኝ፣ ሦስት ሳምንት አሠልጥነው፤
ያኔም ቆጠራ፣ ዛሬም ቆጠራ፤ ልዩነቱ በረት አለመኖሩ ነው።

አንዳንዱ እንግዳ እጁን ይዘረጋል፣ «ኮከቤን እዪልኝ» ይላል፤
«ጋብቻዬ መቼ ነው? ንግዴስ ዘንድሮ ይቃናል?»
ኮከብ ቆጣሪ ነኝ እንጂ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም፤
ስንት እንደሆኑ እንጂ፣ ምን እንደሚሉ አልሰማሁም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ወንዙ ዳር ዳሩን መርጋት ሲጀምር፣
ስድስት ሰው መጣ ከዴልሂ፣ ከፍታው ናላቸውን ሲያዞር።
አንዱ ሽማግሌ፣ ባንሲላል፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣
ልጁ ኩሙድ ስትጎትተው፣ «ምኑን ልይ?» ብሎ፣ ተከትሎ።
«ለጨለማ ልክፈል እኔ?» አለኝ፣ ድምፁ እየሻከረ፤
«ዐርባ ዓመት ሙሉ ጨለማን ከመንገድ ሲያባርር የኖረ!»

የመንገድ መብራት ሠራተኛ ነው፤ በመሰላል ሲወርድ ሲወጣ፣
ጉልበቱን እዚያው ትቶ የመጣ።
ጭቃ ሰፈር ነበር አለኝ፣ ሴት ሲመሽ የማትወጣበት፤
አምፖል በሰቀልን ማግስት፣ ልጆች ሌሊት ኳስ ጠለዙበት።
ይህን ሲናገር ዓይኑ በራ፤ እኔም ዝም ብዬ ሰማሁት።
እኔስ ብሆን? ያንን የመጀመሪያ አምፖል መች ረሳሁት?
መንደራችን ሶላር ሲገባ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤
እናቴ ስታጠፋ ስታበራ ቆየች፣ ሊነጋ ጥቂት እስኪቀር።

ከደጅ አወጣኋቸው። ዓይን ቢወጉ የማይታይበት፤
ሃያ ደቂቃ ጠብቁ አልኩ፣ ዓይናችሁ እስኪለምድበት።
ደቂቃው ሳይሞላ አንዷ፣ «ደመና መጣብን፣ አዪዪ!»
«ደመና አይደለም እመቤቴ፣ ፍኖተ ሐሊብ ነው፣ እዪ።»
ዝም ተባለ። ከሩቅ አንዲት የዱር አህያ አነጠሰች።
ኩሙድ የአባቷን እጅ ፈለገች፤ አግኝታም አልለቀቀች።

ዙሐል ላይ አነጣጥሬ፣ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ፤
ዙሐልም ከመስታወቱ ሾልኮ ኮበለለ።
አንዱ ስልኩን ሊያበራ ሲል፣ ሁለታችን ጮኽንበት፤
እኔና ባንሲላል፣ በአንድ አፍ፣ «አጥፋ!» አልንበት።

ብርድ ልብሱን ጣለ። ተንበረከከ ከድንጋዩ፤
ሽቦውን በጣቱ ዳበሰ፣ ፊቱ ወደ ሰማዩ።
«እዚህ ነው የላላው» አለ። በጥርሱ ሲልጠው ተሰማ፤
ሞተሩ እምምም አለና ዞረ፣ በዚያ ድቅድቅ ጨለማ።
«የተቃጠለ መስመር» አለኝ፣ «በጣት እንጂ በዓይን አይሠራም፤
መብራት ሲጠፋ ነው የሚጠሩን። እኛ ያለ ጨለማ አንበላም።»

ተራው ሳይደርስ አስቀደምነው። አጎነበሰ፣ አንድ ዓይኑን ገጥሞ፤
ቆየ። ኧረ ቆየ። ከኋላው ሰልፉ በብርድ ቆሞ።
ክቧን አየ፤ ቢጫ፣ ትንሽ፣ ቀለበቷ ዘመም ያለ፤
«ስንት ዋት ናት?» ሲል ጠየቀ። ሁሉም ዝም አለ።
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አየ፤
«ምሰሶ የላት» አለ ቀስ ብሎ። ደግሞ ቆየ።
«ሽቦም የላት።»

ኩሙድ ሳቀች መሰለኝ፤ ወይ አልቅሳ ይሆናል፣ በጨለማ አይለይም።
እኔ ሰዓቴን በጣቴ ዳበስኩ፤ ዙሐል ለማንም አይቆይም፤
«አባባ፣ ይቅርታ፣ አራት ሰው ቀርቷል» አልኩት።

አልሰማኝም።